ጣራዋን ያስበሳናት መኪና

የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና «እምዬ፣ የመኪናዋ ጣራ ላይ ማራገቢያ የገባበትን ጉዞ ይንገሩን፤ እኛ እንጽፈዋለን» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አገር ግን ዞሬያለሁ። እንግዲህ እኔ ላውራ፣ እነሱ ይጻፉ።

ከፍኖተ ሰላም ስንወጣ

ኅዳር ጽዮን ልትገባ ሰሞን ነው። ልጄ ደረጀ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሯን ነቅሎ፣ አልጋና የዕቃ መደርደሪያ ገጥሞላት ነበር። «ቤት መኪና» እንላታለን። ንግሥ ባለበት ሁሉ ይዛኝ ትዞራለች።

ያን ጊዜ የተነሣነው ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከቡሬ በታች ቆላ ላለች ማርያም የተሳሉትን ጥላ ለማድረስ ነው። እትዬ አስም አለባቸው። ቤት መኪናዋ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኛት እንደ ምድጃ ትግላለች። መስኮት እንክፈት ስንል «ነፋስ ሊመታኝ!» ብለው ይዘጉታል። እንኳን እሳቸው፣ ጤነኛውም ያገራችን ሰው አውቶቡስ ውስጥ ታፍኖ እያላበው መስኮት የሚዘጋ ነው።

ደረጀ ቁርጡን ተናገረ። «እማ፣ ቡሬ ላይ የጣራ ማራገቢያ አስገጥማለሁ። እሱም ካልተስማማቸው እትዬ ከዚያው ይመለሳሉ፤ ጥላውን እኛ እናደርስላቸዋለን። ቆላ ወርደው ትንፋሻቸው ቢያጥር ምን ይውጠናል?»

እትዬ ጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጨበጡት። «ስለቴን በሰው እጅ አልልክም» አሉ። ማንኩሳ የምትባለውን ከተማ አልፈን ወደ ቡሬ ቀጠልን። መንገዱ ግራ ቀኙ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ነው፤ ደጃፉ ሁሉ በተሰጣ በርበሬ ቀልቷል።

ቡሬ

ሙሉቀን የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ቆምን። ማራገቢያውን ደረጀ አስቀድሞ ከባሕር ዳር አስመጥቶታል። ሙሉቀን ጣራው ላይ ወጥቶ አራት ማዕዘን አሰመረ፤ ከዚያ በብረት መቁረጫ ይቀደው ጀመር። ብልጭታው ሲፈናጠር ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ደህና ጣራ ከፍሎ ማስበሳት!

«ዝናብ ሲመጣስ?» አልኩት።

«ዙሪያውን በሲሊኮን እደፍነዋለሁ፣ እማማ። ክዳንም አለው። ቢያፈስ ድስት ይዤ ከሥሩ የምቆም እኔ ነኝ!»

እሱ ሲገጥም እኔና እትዬ ገበያ ወጣን። በዚያ ዓመት በርበሬ ከምላስ ይልቅ ኪስ ያቃጥል ነበር። እትዬ ግን ቡሬ መጥተው ያለ በርበሬ አይመለሱም፤ ጆንያ ሙሉ ገዝተው መኪናዋ ውስጥ አስጫኑና አብረን ገባን። ጆንያው ዱብ ሲል ብናኙ ቤቱን ሞላው። እትዬ ሳል በሳል ሆኑ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ደረጀ ጀርባቸውን እያሻሸ «በቃ፣ ይመለሳሉ» ሲል፣ ሙሉቀን ከላይ «ቆይ፣ ላስነሣው!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው «መጣብኝ ነፋሱ!» እያሉ ተኮራመቱ። ማራገቢያው ሽው አለ። ቢጠብቁ ምንም የለም። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። የነጠላዬ ጫፍ ወደ ጣራው ተነሥታ ትርገበገባለች። ብናኙ ተጎትቶ ወጣ፤ ውጭ ቆመው ሲያዩን የነበሩት ሁሉ ማስነጠስ ያዙ። «ይማርህ!» «ይማርሽ!» እየተባባሉ ሳቁ።

ሙሉቀን ብቻ አልሳቀም። ሽቦውን አየት አደረገና እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካው!» አሉ እትዬ። ሳላቸው ጸጥ ብሏል። «ነፋስን ስሸሽ ነፍሴን ላጣት ነበር። ይኸኛው ሳይመታኝ ያስተነፍሰኛል፤ ተወው!»

ደረጀ «እንዴት አሰብከው አንተ?» ቢለው፣ ሙሉቀን «ያው፣ ሥራ አይደል» ብሎ አቀረቀረ። ትሕትና መሰለንና መረቅነው።

ቆላው

ቁልቁለቱን ስንወርድ ወበቁ ተቀበለን። ደረጀ «የሚወጣው አየር ከአንድ በኩል መግባት አለበት» ቢላቸው፣ እትዬ በገዛ እጃቸው መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈቱት። ውዳሴ ማርያማቸውን ሳያቋርጡ ከደጀ ሰላሙ ደረስን። ጥላውን ራሳቸው ተሸክመው ቅጽሩን ሲገቡ እኔ ከኋላ አለቀስኩ።

የደብሩ ቄስ «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቆላ ወረዱ?» አሏቸው።

«ቤቴን ይዤ ነው የመጣሁ፣ አባ። መተንፈሻ አላት!»

ቄሱም ጥምጥማቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡና ጣራዋን አዩ። ምእመኑ ተከተለ። እኔ እንደ ሙሽራ እናት ደረቴን ነፍቼ በሩ ላይ ቆሜ አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ።

ወደ ቤት

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ጎረቤቱ ወጥቶ ያየን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት አልፎ ክረምት ቢመጣ ጣራዋ ጠብ አላለባትም። እኔም ከዚያ መንገድ የተማርኩት፣ የምንፈራው ነፋስ መውጫ ካበጁለት ጠላት እንዳልሆነ ነው። ሙሉቀን ደግሞ ስሙ ወጣ፤ ሾፌሩ ሁሉ «የእትዬን ዓይነት ግጠምልኝ» እያለ ይመጣበታል አሉ። እኛም በሄድንበት የእሱን ብልሃት ስናወራ ኖርን።

ከዓመታት በኋላ ሙሉቀን ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ጠራኝ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ። «እማማ፣ ያን ቀን ነፋሱን ወደ ውስጥ ላስገባው ነበር ያሰብኩ። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አዟዙሬው ኖሮ፣ በተቃራኒው ዞሮ ወደ ውጭ ሳበው። ላስተካክለው እጄን ስሰድ እኮ ነው እትዬ የጮሁብኝ።»