ጓድ ክፍሉ በገዛ እጁ የሠራው ባንኮኒ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሰይድ ያስያዙኝ መጋዝ ሳይሆን መጥረጊያ ነበር። "ሰጋቱራውን ጥረግ። የዋንዛውን ከጥዱ በአፍንጫህ ሳትለይ መላጊያ አትነካም" አሉኝ። ወርክሾፓችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። የአንድ ግሪካዊ ንብረት ነበር፤ ተወርሶ የአናጢዎች ማኅበር ተባለ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው አንድ ጠብታ መጠጥ አልቀመሱም። የፒያሳ ጠጪ ግማሹ ግን ክርኑን ያሳረፈው እሳቸው በሠሩት ባንኮኒ ላይ ነው። ሲጠየቁ "እንጨቱ የኔ ነው፤ ወንጀሉ የነሱ ነው" ይሉ ነበር።

እኔ ደህና አናጢ በሆንኩበት ጊዜ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ሲመሽ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ቡና ቤቶቹ ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ይሰቅላሉ። አቅም ያለው ባሩን ወደ ሳሎኑ አስገባ። ባር ብሎ የሚያዝ ግን አልነበረም፤ የቡርዧ ነገር ነዋ። "የሳሎን መደርደሪያ" ነው የሚባለው።

ጓድ ክፍሉ የመጣው ያኔ ነው። ካድሬ ነበር፤ አምስት ኪሎ አካባቢ በተወረሰ ቪላ ይኖራል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከምሥራቅ ጀርመን አንድ መጽሔት ይዞ ተመልሷል። በፎቶው ላይ እጅጌውን የሰበሰበ ጎልማሳ ራሱ ከሠራው ባር ጀርባ ቆሞ ይስቃል።

"እኔም በገዛ እጄ ነው የምሠራው" አላቸው ጋሽ ሰይድን።

"ደግ። መጋዝ አለዎት?"

"መጋዝ እናንተ ታውሱኛላችሁ።"

"መላጊያስ?"

"እሱንም።"

"እንጨቱስ?"

"ቆርጣችሁ፣ አለስልሳችሁ ትሰጡኛላችሁ።"

"እጁ ብቻ የርስዎ ነው ማለት ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ እንድመክር ተላክሁ። ውሃ ልክ ሳቀብለው "ይሄ ለግንበኛ ነው፤ እኔ ዓይን አለኝ" አለኝ። ኮላው ሳይዝ ፎርማይካውን ለጠፈበት። መዶሻው ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣቱን አዘውትሮ አገኘው። ሲጨርስ ባንኮኒው ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ቆመ። ሚስቱ ወይዘሮ አልማዝ ብርጭቆ ብታስቀምጥበት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

"ክፍሌ፣ ይሄ ነገር ሳይጠጣ ሰክሯል" አለች።

ችግሩ፣ ለእሑድ ምሳ አለቃውን፣ አንድ ሻለቃን፣ ጋብዟል። በገዛ እጁ ስለሠራው ባርም አውርቶላቸዋል። ወደ ጓዳ ጎተተኝ። "ደምሴ ወንድሜ" አለኝ፤ ወንድሙ የሆንኩት ያን ቀን ነው። "ትንሽ አቃናልኝ። ጎረቤት እንዳያይ ብቻ።"

ጋሽ ሰይድ መጥተው ዞሩት፣ ነካ አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ክፍሉ መጋረጃውን ዘጋ፤ እኛ ነቅለን ከመሠረቱ ጀመርን። በዋንዛ ሠራነው፤ ማጋጠሚያው ላይ ምስማር የለም። ከኋላው መስታወት፣ ከላይ የብርጭቆ መስቀያ፣ ከታች የነሐስ የእግር ማሳረፊያ አደረግንለት። ከጓድ ክፍሉ ሥራ ያተረፍነው የጠርሙስ መክፈቻው የሚንጠለጠልበትን መንጠቆ ብቻ ነበር። እሱንም ያተረፍነው ለይሉኝታ ነው።

እሑድ ለመስተንግዶ ሰው ስላጠረ እኔን ከባንኮኒው ጀርባ አቆሙኝ። ሻለቃው ገቡ፤ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉት።

"ማነው የሠራው?"

"እኔው ነኝ ጓድ ሻለቃ፤ በትርፍ ሰዓቴ" አለ ክፍሉ።

ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ። "እውነቱን ነው?"

ክፍሉ ያፈጥብኛል። በዚያ ዘመን ካድሬን በአለቃው ፊት ዋሾ ማለት የት እንደሚያደርስ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

"ሲሠሩ አይቻለሁ" አልኩ። አይቻለሁም።

ሻለቃው ብርጭቆአቸውን አነሡ። "እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ቢሮ ተቀምጠህ ስብሰባ ትመራለህ? ይሄ ባለሙያ ማባከን ነው! ቦታህ ከሠራተኛው ጋር ነው።" እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። ክፍሉም አጨበጨበ፤ የተነገረው የገባው ግን እጁን ካወረደ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ መጣ። ጋሽ ሰይድ ተነሥተው ጓድ ክፍሉ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሆነ። መኪናውን ለተተኪው አስረክቦ፣ በሰጋቱራ እያስነጠሰ በእግሩ ይገባ ጀመር። ስናየው ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም። ጋሽ ሰይድን አላባረራቸውም፤ ያስፈልጉታል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር እሳቸው ይልጋሉ፤ ካሜራ ሲነሣ እሱ መላጊያውን ይቀበላቸዋል። እሱ ባስገባው እርጥብ እንጨት የሠራናቸው የትምህርት ቤት ወንበሮች ተጣመው ሲመለሱ ደግሞ "ማን ነው የሠራው?" ብሎ እኛን ሰበሰበን።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ መሣሪያቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለሉ።

"ወዴት ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ቤቴ። በር እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ። ለጠጪ ስሠራ ያላፈርኩት ሰውዬ እዚህ አፈርኩ ደምሴ።"

ከረጢቱን እስከ ድልድዩ ተሸከምኩላቸው። ከዚያ ወዲያ አላሸከሙኝም።

ለወጣት አናጢዎች የምለው ይህን ነው። ደንበኛ ያበላሸውን አቃኑ፤ ሥራችን ነው። ግን መጋረጃ ተከፍቶ፣ ሰው እያየ አቃኑ። እኛ ዘግተን ስላቃናን አለቃ ተሾመብን።