በዘራችን የለም

ባለፈው ሳምንት አሰላ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተቀምጠን ነበር። የእህቴ የልጅ ልጅ ሐና ደረቱ ሲር ሲር የሚል የሦስት ዓመት ልጇን አቅፋ፣ እኔም እንደ ምራቂ ተከትያት። ወጣቷ ሐኪም ያልጠየቀችው የለም። ጡት እስከ መቼ ጠባ? ቤት ውስጥ ከብት አለ? በመጨረሻ፣ “ከቤተሰብ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው አለ?” አለች።

“እኔ የማውቀው የለም” አለች ሐና።

ይህን ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመቴ ሰምቼዋለሁ። ወሩ ጥር ነበር፤ የገብስ ውቂያና የሠርግ ወሬ አንድ ላይ የሚመጡበት። የአውድማው እብቅ አንገት ሥር ገብቶ ይበላል፣ ጓዳው ለሠርግ በተለወሰ ጭኮ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ታላቅ እህቴ ስንዱ ለሁሩታ ሰው ልጅ ታጭታ፣ የወንዱ ወገኖች ዘር እያጣሩ ነበር። ዘር ማጣራት ቀልድ አይደለም፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ በሽታም ይፈተሻል።

የአራት ዓመቱን ወንድሜን ታደሰን ውቂያ በመጣ ቁጥር ያፍነው ነበር። ያን ዓመት ግን ከንፈሩ ጠቆረ። እናቴ አዝላው ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወረፋው ላይ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? የሙሽራው አክስት፣ እትዬ ዘነበች!

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ከድር በሰው ሁሉ ፊት፣ “እትዬ፣ ከእርስዎ ወገን እንዲህ የሚያፍነው ሰው አለ?” ሲል ጠየቀ።

እናቴ እትዬ ዘነበችን በዓይኗ ጠርዝ አየቻት። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዘራችን የለም።”

የጢቾው አጎቴ በውቂያ ሰሞን ከአውድማ ሸሽቶ እንደ ወናፍ ሲተነፍስ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አቶ ከድርም ብርድ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን፤ ሙቀት ይኑረው አለ። እናቴ ይሞቀዋል ብላ አዲስ የገብስ ጭድ በሞላነው ፍራሽ ላይ አስተኛችው።

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ ማልቀስ እንኳ አቃተው። እናቴ ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ ዘነበች በየቀኑ ለምትወጋው መርፌ ያን ዕለትም እዚያው ነበረች።

“ዋሽቻለሁ፣ አቶ ከድር! ወንድሜ አለበት፣ አባቴም በሱው ነው የሞተው። ሠርጉም ይቅር፣ ልጄን አድኑልኝ!”

አቶ ከድር “ኮቱ፣ ና” ብሎ ልጁን ከጀርባዋ ተቀበላትና መርፌ ወጋው። የት እንደሚተኛ ሲጠይቅ ስለ ጭዱ የነገርኩት እኔ ነኝ። “ዛሬውኑ አውጡት፤ ከአውድማም ይራቅ” አለ።

የታደሰ ትንፋሽ መለስ ሲል እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እትዬ ዘነበች ተነሥታ መጣች። ስድብ ስንጠብቅ አጠገቧ ቁጭ አለችና በሹክሹክታ፣ “የኛም ሙሽራ እንቁላል ከቀመሰ ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። እንዳታውቁብን ፈርተን ነው የደበቅነው” አለቻት።

ሠርጉ ተደገሰ፤ ታደሰም ጭኮውን እየዋጠ ሲጨፍር ዋለ። ጤና ጣቢያ ሙሉ ሰው የሰማውን ነገር ግን እኛ ቤት ዳግም ያነሣው አልነበረም። ስንዱም ባሏም አፈር ከለበሱ ቆዩ። ታዲያ የልጅ ልጃቸው ሐና ከማን ትስማ? እናቴ ልጇን ልታጣ ደርሳ ያወጣችውን እውነት፣ እኛ መልሰን ቀበርነው።

ሐኪሟ “የለም” ብላ ልትጽፍ ስታጎነብስ፣ “ቆይ ልጄ፣ አለ” አልኳት።

“በእናት ወገን ነው በአባት?”

ሐና አፍጥጣ ታየኛለች።

“በእናት፤ በሐና ሴት አያትም በወንድ አያቷም ወገን። ጻፊው ልጄ፤ ዘንድሮ የምንድራት ልጅ የለችንም።”