ጎረቤቴ «ሌባ ነኝ» ያለ ቀን

ስልኬ ላይ ያለውን የዋይፋይ መፈለጊያ የሚያይ ሰው ሁሉ «አባባ፣ ይሄ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?» ይለኛል። ብዙ ያደርጋል። ፊደል ጠንቅቄ አላውቅም፣ ይሄን ግን አውቀዋለሁ። ሲከፈት በአካባቢው ያለው ዋይፋይ ሁሉ እንደ ኮረብታ ተደርድሮ ይታያል፤ የቀረበው ከፍ ይላል፣ የራቀው ዝቅ ይላል። እንደ መኪና ፍጥነት መቁጠሪያ ቀስት ያለው ገጽም አለው። አንዱን ዋይፋይ መርጠህ ስትራመድ፣ ወደ እሱ ከቀረብክ ቀስቱ ይወጣል፣ ከራቅክ ይወርዳል።

የጫነልኝ ወንድ ልጄ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ሊጠይቀን የመጣ ጊዜ ሲም ካርድ የሚገባበት የዋይፋይ ሣጥን ይዞልን መጣ። ስሙንም የእናቱን ስም አወጣለት። ሆሳዕና ዳር ያለው ቤታችን ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ሣጥኑ እንደተቀመጠበት ቦታ አንዱ ክፍል ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። ቀስቱን እያየን ቤቱን ስንዞር ዋልን። እኔ ከበሩ በላይ ይሰቀል አልኩ፤ እሱ መስኮቱ ጋ አለ።

«አባባ፣ ግትር ነህ! ቀስቱን እይ እንጂ!»

አየሁ። ልክ ነበር። ምስማሩን ግን ከበሩ በላይ መታሁት።

እሱ ከተመለሰ በኋላ በየቀኑ ከራት በፊት በቪዲዮ ይደውልልን ነበር። እኔ ፓኬጅ የሚባል ነገር አልገዛም፤ ሣጥኑ ከሌለ ስልኬ ድንጋይ ነው።

አንድ ሰኞ ከገበያ ስመለስ ሣጥኑ ከምስማሩ ላይ የለም። ከእኛ ጋር የምትኖረው አስተማሪዋ ልጄ «ተቃጠለ አባባ፣ ለጠጋኝ ሰጠሁት» አለችኝ።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው አለ።»

ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ሦስቱንም ቀን ልጅቷ ቆጮዬን በአይብ አቀረበችልኝ። «አንዲት ሣጥን መጠበቅ ያቃተሽ፣ ባልም ያጣሽው ለዚህ ነው» አልኳት። ሳቀች። ደገምኩላት። አሁንም ሳቀች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስፈታ መፈለጊያውን ከፈትኩት። ኢንተርኔት ባይኖርም እሱ ይሠራል። የሚስቴ ስም ከኮረብቶቹ መሀል ቆሟል። የእንግሊዝኛውን ፊደል አላነብም፤ ቅርጹ ግን አይጠፋኝም። ነዶ ያለቀ ሣጥን ደግሞ ስሙን አይጠራም።

ከዘራዬን አነሳሁ። ሚስቴ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች።

«ወዴት ነው?»

«ሌባ ልይዝ።»

ወደ መንገዱ ስሄድ ቀስቱ ወረደ። ወደ አጥሩ ስጠጋ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ አባቱ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ነው፤ በዚሁ አጥር ድንበር ስንካሰስ ኖረናል። ጠጋኙ ሸጦለት ይሆናል፣ ራሱ ሰርቆም ይሆናል፤ የቱም ቢሆን ሌባ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሣጥኑ ከመገኘቱ ይልቅ እሱ ቤት መገኘቱ ደስ አሰኘኝ።

በሩን በከዘራ ደበደብኩት። «ውጣ አንተ ሌባ!»

መንገደኛው ቆመ። ጎረቤቴ በሩን ገርበብ አድርጎ በደረቱ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ሣጥኔ እዚህ ነው! ይኸው ቀስቱ!»

ስልኬን አየ። የተሰበሰበውን ሰው አየ። «አዎ፣ ሰርቄ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት ራሴ አመጣልዎታለሁ። አሁን ይመለሱልኝ።»

«ጮክ ብለህ በል!»

«ሌባ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ውይ፣ ይሄን የሚያህል ሰውዬ!» ብላ ሳቀችበት።

እዚያ ላይ መመለስ ነበረብኝ። ግን ሰው አዋርጄ ጠግቤ አላውቅም። በከዘራዬ ገፍቼው ገባሁ።

ሣጥኑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ መብራቱን ያበራል። ዙሪያውን ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ደግሞም ሁለት ዓመት ቤቴን ያልረገጠው ሞርሲቶ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ ተቀምጠዋል። ልጅቷ በያዘችው ስልክ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ከወንድሟ ጋር የሚሠሩት ልጆች እሱ የሚሠራበት ሱቅ በር ላይ ቆመዋል። እሱ መሀላቸው የለም። ማንንም አልጠየቅኩም። ወንድሜ ዓይኑን ሰበር ሲያደርግ ገባኝ።

ልጅቷ እናቷ ከአጥሩ ማዶ እንዳትሰማት አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«ሰኞ ነው፣ ሱቁ ውስጥ በጥይት የመቱት» አለኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ወሬውን በስልክ እንዳታዩ ብለን ነው ሣጥኑን ያሸሸነው። ከሾኔ የሚመጣውን ዘመድ ጠብቀን ነገ ጎህ ሲቀድ ልንነግራችሁ ነበር። አንተ አንዴ አውቀሃል፤ እስከ ጠዋት ያዘው። ለእናት መርዶ በቀን አይነገርም።»

«እኔን ሦስት ቀን ስበላና ስቀልድ አያችሁኝ አይደል?»

«ወጉ ነው።»

«እንግዲያው ወጋችሁን ብሉት» አልኩ።

ልጅቷ «አባባ፣ በፈጣሪ!» ብላ ኮቴን ያዘች። እጇን በከዘራ መታሁት።

ሚስቴ እንሰቱ ላይ እንዳለች ናት። ፈገግ ብላ ቀና አለች። «ሌባውን ያዝከው?»

«ልጅሽ ሞቷል» አልኳት። እንደቆምኩ።

አልጮኸችም። መፋቂያዋን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ሰኞ።»

«እነሱ መቼ ሊነግሩኝ ነበር?»

«ነገ ጠዋት።»

«ታዲያ ዛሬን ልጄ አለ ብዬ ብተኛ ምን ቸገረህ?» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ጎረቤቴም ከኋላቸው ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ያሰናዳውን ቃል አንድ ሳያጎድል ተናገረ። ሚስቴ ያኔ መሬት ላይ ተደፋች፤ ገና አሁን እንደሰማች ሆና ጮኸች። እኔን የከለከለችኝን ጩኸት ለእነሱ ሰጠቻቸው። የጎረቤቴ ሚስት ሮጣ አቀፈቻት። እኔም ላነሳት እጄን ዘረጋሁ፤ ፊቷን እንኳ ሳታዞር ገፋችው።