አባ ቁልፍና የተሰረቀው ድምፅ

ድፍረቴን ይቅር በሉኝ። የእኔ እጅ ከብዕር ይልቅ መወልወያ ይቀናዋል፤ ፊደሌም ተንጋዶ ይሆናል። ግን የክሊኒካችን ዘበኛ ጉዳይ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ፣ እንደምንም ብዬ ልንገራችሁ።

ሁሉም ሰው አባ ቁልፍ ነው የሚላቸው። ሠራተኛው ሲወጣ የክፍሉን ቁልፍ ለእሳቸው ይሰጣል፣ ሲገባ ከእጃቸው ይቀበላል። የአንዱን ለሌላው አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ታዲያ፣ ከእረፍት ሲመለስ ፓስወርዱ የሚጠፋበት ሠራተኛ በዛ። እሱንም እንደ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ማኖር ተለመደ። "ጋሼ፣ ይቺንም ያዙልኝ" እያለ ሹክ ይላቸዋል። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ወረቀት የለ፣ ምን የለ። "የእኔ ሆድ ጉድጓድ ነው፤ የገባ አይወጣም" እያሉ ለገቢ ለወጪው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልካቸው ጠራ። ቁጥሩን አያውቁትም፤ ድምፁ ግን የካርድ ክፍሏ ልጅ ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ ስልኬ ባትሪ ዘግቶብኝ በሰው ስልክ ነው። ዋናው ቢሮ መጥቼ ፓስወርዴ ጠፋኝ፤ እስቲ ይንገሩኝ።"

"አይ አንቺ! ጭንቅላትሽንም እኔ ጋ አኑሪውና እፎይ በይ" አሉና እየሳቁ ነገሯት።

ስልኩን ኪሳቸው ሳይከቱ ልጅቷ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ በበሩ ገባች።

"ከዋናው ቢሮ በምን በረርሽ?"

"የምን ዋና ቢሮ ጋሼ? ከጓደኛዬ ጋር ምሳ በልቼ መምጣቴ ነው።"

አባ ቁልፍ ክው አሉ። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የበሽተኛ ገመና ነው። ማን ምን እንደታመመ፣ ማን ከባሏ ምኑን እንደደበቀች። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ቢናገሩ ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን የታመኑበት ስም በአንድ ከሰዓት ሊጠፋ ነው። ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ መስለሽኝ ለሌላ ሰው ሰጠሁብሽ።"

ልጅቷ ምሳ ዕቃዋን ጥላ ወደ ክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሮጠች። እሱም የኢንተርኔት መስመሩን ቆረጠ፣ ፓስወርዱንም ቀየረ። ሌባው ገብቶ ኖሯል። ብዙው ተረፈ፤ የጥቂት በሽተኞች ካርድ ግን ተሰርቋል፤ ባለቤቶቹ ተጠርተው ሊነገራቸው ነው።

"ድምፁ እኮ የእሷው ነው!" አሉ አባ ቁልፍ።

"እውነትዎን ነው። ስልክ ላይ የለቀቀችውን ቪዲዮ ወስደው፣ በኮምፒውተር ድምፅዋን አስመስለው ነው ያናገሩዎት" አለ ባለሙያው። "ሌባው በየቀኑ ይማራል ጋሼ። እኛ በአምናው እውቀት ተቀምጠን ነው የቀደመን።"

"እኔ በሩን ስጠብቅ በጆሮዬ ገባ በለኛ!"

የካርድ ክፍሏ ልጅ እጃቸውን ያዘች። "ማን አሸክሚያቸው አለኝ? ጥፋቱ የእኔም ነው" አለቻቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን እንደደፉ ዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ። የመድኃኒት ክፍሏ ሴትዮ ስትመጣ ቁልፏን ሰጧትና፣ "ይቺን ያዢ። ፓስወርድሽን ግን ዛሬውኑ ለውጪ፤ አዲሱን እንዳትነግሪኝ" አሏት።

"ውይ ጋሼ! ብረሳውስ?"

"ባለሙያው ምን ሠርቶ ይብላ?"

ሴትዮዋ ልታበሽቃቸው ጠጋ ብላ፣ "እንግዲያው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ..." ስትል፣ አባ ቁልፍ የቁልፉን ዘለበት ክርናቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሁለቱንም ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ።