አራት ጣት ያጠረው ክር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ ጾም መግደፌንም አንድ በአንድ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ "ሌላ የለም አባቴ" ብዬ ያለፍኩ ሴት ነኝ። ነፍስ አላጠፋሁም፤ የሰው ንብረት አልሰረቅኩም። አንድ ክር ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ፣ በቃ። "ይሄም ኃጢአት ሆኖ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ስንቴ እንደዚያ እያልኩ ራሴን ላባብል ሞክሬያለሁ። እስቲ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቤታችን ቃሊቲ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። አባዬ ወደ ጂቡቲ መንገድ ከመውጣቱ በፊት እኔንና ወንድሜን ግድግዳ አስደግፎ ያቆመንና እግራችንን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በክር ይለካን ነበር። ጫፉ ላይ ይቋጥርና ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሲመለስ ጫማ ይዞልን ይመጣል። ጫማው ጠቦን ወይም ሰፍቶን አያውቅም። እናቴ "ቁጥሩን ጽፈህ አትሄድም?" ስትለው፣ "ቁጥር እንደ ፋብሪካው ነው፤ አንዱ ሠላሳ ያለውን ሌላው ሠላሳ ሁለት ይለዋል። ክር ግን አይዋሽም" ይላት ነበር። ሰፈሩም ያውቀው ነበር። መጋረጃ የምታሰፋዋም፣ በር የሚያስገጥመውም አባዬን ጠርቶ ያስለካ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ በአንድ ዝናባማ ቀን አባዬ ሰው ገጨ። ሰውየው ሞተ። ጠበቃው "ፍሬኑ እምቢ አለኝ በል፣ ይቀልልሃል" ብሎ መክሮት ነበር። አባዬ ዳኛው ፊት ቆሞ "መኪናው አይደለም፤ የገጨሁት እኔ ነኝ" አለ። እናቴ እዚያው አግዳሚ ላይ ጥርሷን ነክሳ አለቀሰች። የተፈረደበትን ሊጨርስ ወደ ቃሊቲ እስር ቤት ተወሰደ፣ ከቤታችን በእግር ወደሚደረስበት። ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ የኖረ ሰው፣ በታሰረ ጊዜ ጎረቤታችን ሆነ።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ጥናት የሚያካሂድ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡ ልጆችን መቆጣጠር ነበር። ላፕቶፕና ታብሌት አስፈርመው ሰጡኝ፤ መያዣ ቦርሳ ግን አልሰጡኝም። የመጀመሪያውን ሰሞን ሁለቱንም በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ በፌስታል እያንጠለጠልኩ ነው ታክሲ የምጋፋው። የቢሮ ልጆች እንቁላል የምሸከም ይመስል "ቀስ በይ፣ እንዳይሰበርብሽ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። "አባትሽ ምን ይሠራል?" ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ "ሾፌር ነው፤ አሁን ጂቡቲ መንገድ ላይ ነው" እላለሁ። አባቴ ለሁለት ዓመት ያህል ጂቡቲ ደርሶ አልተመለሰም ነበር፤ እኔ ነኝ እንዳይመለስ ያደረግኩት።

ቦርሳ ልመርጥ ሳሪስ ወረድኩ። ያኔ የባቡሩ መስመር ገና እየተቆፈረ ነበርና አቧራው አይጣል ነው። ከድር የሚባል የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። አንዱን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቦርሳ ሳነሳ ከድር ከእጄ ወሰደው።

"እህቴ፣ ቦርሳ በመልኩ አይገዛም" አለኝ። "መጀመሪያ ዚፑን ሳቢው። ቀጥለሽ ማንገቻውን ጎትቺው፣ ሰፊ ካልሆነ ትከሻሽን ይቆርጥሻል። ከዚያ እጅሽን ከታች አስገቢና ስፌቱን ዳብሺው። ላፕቶፕና ታብሌት አንድ ኪስ ውስጥ ከገቡ ደግሞ እርስ በርስ ይፋጫሉ፤ ለየብቻ ኪስ ይፈልጋሉ።"

"ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው ለማየት ነው። ለመሸከም ከሆነ ሌላ ላሳይሽ።"

እኔ ግን ለማየት ነበር የምፈልገው። በተለይ ሰው እንዲያየው። "አስቀምጥልኝ፣ ተመልሼ እወስደዋለሁ" ብዬው ሄድኩ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። እናቴ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። "አባትሽ ቦርሳ እንዳትገዛ ብሏል" አለችኝ። "እኔ ነኝ የምሠራላት ብሏል። ዕቃዋን የለካችበትን ክር ላኩልኝ አለ።"

አባዬ እዚያ ሆኖ ኪሮሽ ተምሮ ነበር። ያን ሁሉ ቶን ሲጎትት የኖረ እጅ፣ አሁን በእንጨት መንጠቆ ክር ይጎትታል። እስረኞች የሚሠሯቸው ቦርሳዎች በሰፈራችን የታወቁ ናቸው። ደማቅ ቀለም፣ መሐሉ ላይ ትልቅ አበባ። ሚስቶቻቸው መንገድ ዳር ይሸጧቸዋል። ቃሊቲ ያደገ ሰው ከሩቅ አይቶ "ይሄ የውስጥ ሥራ ነው" ይላል። ከቢሯችን አንዷ ልጅ ደግሞ ቤቷ ሳሪስ አቦ ነው፤ በዚህ መንገድ ነው የምትመላለሰው። ያን ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ካየች አባቴ በአንድ ቀን ከጂቡቲ ቃሊቲ ይገባል።

እምቢ ማለት እችል ነበር። "አባዬ፣ ተወው፣ ገዝቻለሁ" ብል ምን ይለኝ ነበር? ምንም። ግን እምቢ ብል ለምን እንዳልኩ ሊገባው ነው። ያፈርኩበት መሆኑን ሊያውቅ ነው። እኔ ደግሞ ቦርሳውን አለመያዙንም ፈለግሁ፣ ደግ ልጅ መባሉንም ፈለግሁ። ቦርሳው በማንም ጥፋት ሳይሆን በዕድል ጠንቅ እንዲቀር ፈለግሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ሁለት ክር ሰጠችኝ፤ ሰማያዊው ለታብሌቱ፣ ነጩ ለላፕቶፑ። የታብሌቱን በትክክል ለካሁ። የላፕቶፑንም ጎን በትክክል ለካሁ። ርዝመቱ ላይ ስደርስ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩት፣ የሚቋጠርበትን ቦታ በጥፍሬ ያዝኩ። ከዚያ አራት ጣት ወደ ውስጥ ገባሁና ቋጠርኩ። ቋጠሮው እንዳይንሸራተት በጥርሴ አጠበቅኩት።

አባቴ እኔን በክር ለክቶኝ ነው ያሳደገኝ። እኔ በዚያው በክሩ ዋሸሁት።

ሥራው ስምንት እሁድ ፈጀበት። እናቴ በየሳምንቱ ወሬውን ታመጣልኛለች። "ዛሬ ግማሽ ደርሷል።" "ዛሬ ማንገቻውን ጀምሯል።" "የራሱን ብርድ ልብስ ጫፍ ቆርጦ ገበር አድርጎለታል፣ ዕቃው እንዳይመታ ብሎ።" ስምንት እሁድ ሙሉ "ልኬቱን ተሳስቻለሁ፣ ፍታው" ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ስምንቱንም ጊዜ "እሺ፣ ደስ ይላል" አልኩ።

በዘጠነኛው እሁድ ቦርሳው መጣ። ከፌስታሉ ሳወጣው ክው አልኩ። አበባ የለውም። ደማቅ ቀለም የለውም። ጥቁር ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ብቻ። ማንገቻው ሰፊ፣ ኪሱ ሁለት። ሳላስበው እጄን ከታች አስገብቼ እንደ ከድር ስፌቱን ዳበስኩት፤ እንከን የለውም።

"ምነው አበባ አላደረገበትም?" አልኳት እናቴን።

"ቢሮ ስለሆነ ነዋ" አለች። "'የቃሊቲ ነው ብለው እንዳይጠቋቆሙባት አበባውን ተውኩት' ብሏል።"

አባቴ ሳልነግረው ሐፍረቴን አውቆልኝ ነበር። አውቆም አልተቀየመኝም፤ ሸፈነልኝ እንጂ። ለካ የፈራሁት ቦርሳ በዓለም ላይ አልነበረም። ታብሌቱን ከኪሱ ከተትኩት፣ ቁጭ አለ። ላፕቶፑን ሞከርኩት፣ አራት ጣት ከውጭ ቀረ። እናቴ ከግራም ከቀኝም ገፋችው፤ በቀስታ፣ ሕፃን እንደምታለብስ። አልገባም። "ውይ፣ ድካሙ!" አለችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው እሁድ አብሬያት ሄድኩ። አባዬ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሲያየኝ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን መለሰው።

"ሚጣዬ፣ አሳፈርኩሽ አይደል?"

"በምን አባዬ?"

"በቦርሳው። እጄ የመሪ እጅ ነው፣ ክሩን አጥብቄ ስቤው ነው መሰለኝ። ወይም ዓይኔ ደክሟል። ይቅር በይኝ ልጄ።"

"ኧረ አባዬ፣ ግድ የለም። ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ! የበደልኩት ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ሰጠሁት። ከአራቱ ጣት ይልቅ ይህቺ ቃሌ ናት እስከ ዛሬ ስነሳም ስተኛም የምትሰማኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለው? እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ከዚያ ስመለስ ሳሪስ ወርጄ የከድርን ቦርሳ ወሰድኩ።

የአባዬን ቦርሳ እናቴ "አይጣልም" ብላ የስንቅ መያዣ አደረገችው። ሳህኑ ልክ ይገባበታል። በየእሁዱ በር ላይ ፖሊሷ "ቅመሺ" ስትላት ከእሱ ውስጥ አውጥታ ትቀምሳለች፣ ከእሱ ውስጥ ለአባዬ ታቀብላለች። እሱም በየእሁዱ ተሳሳትኩ ብሎ ያመነበትን ሥራ እያየ ምሳውን ይቀበላል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የስንቁን እንጃ፤ የእኔ ውሸት እያደር ከበደ።

አባዬ በአመክሮ ሲወጣ ባቡሩ ሥራ ጀምሮ ነበር። "እስቲ አንድ ቀን እንኳ በሰው መሪ ልሂድ" ብሎ እኔን አስከትሎ ከቃሊቲ ተሳፈረ፤ መስኮት ይዞ እንደ ልጅ ሲስቅ ዋለ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ ሥራዬን ስሠራ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ይኸው ነው እንግዲህ ላፕቶፑ? ያው የድሮው?"

"ያው ነው አባዬ።"

"እስቲ ዝጊው።"

ዘጋሁት። ከደረት ኪሱ ነጩን ክር አወጣ። ያን ሁሉ ዓመት አስቀምጦት ነበር፤ ግራጫ ሆኗል። አንዱን ጫፍ ከላፕቶፑ ጥግ አስይዞ ወጠረው። ቋጠሮው ጫፍ ሳይደርስ ቀረ። አባዬ የቀረው ቦታ ላይ አራት ጣቱን አሳረፈ። ልክ ሞላ። መንገዱ ላይ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈ፤ አባዬ ሌላ ጊዜ ሞተሩን ሰምቶ ስንት ኩንታል እንደጫነ የሚናገር ሰው፣ ቀናም አላለ።

"ክር ሲቆይ ያጥራል፣ አይደል ሚጣዬ?" አለኝ።

ሁለት በር ከፍቶልኝ ነበር። በአንዱ ወጥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ በሌላው ላመልጥ እችል ነበር። "አዎ አባዬ፣ ያጥራል" አልኩት። ክሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለና ወደ ኪሱ መለሰው። "እሺ፣ ሥራሽን ሥሪ" ብሎኝ ገባ።

አውቆ ይሆን? ለዓመታት ራሴን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። መልሱን ያገኘሁት ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ነው። አባዬ ጫማ ልግዛላት አለ። ግድግዳ አስደግፌ አቆምኳትና ክር ይዤ እንደሱ ልለካት ጎንበስ አልኩ። "ተይ ሚጣዬ፣ እኔ ልለካ" አለኝ። "ጉልበትህን ያምሃል እኮ" አልኩት። "ግድ የለም፣ እኔ ልለካ" አለና ክሩን ከእጄ ወሰደው። ቁጣ የለበትም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ጫማው ልጄ እግር ላይ ልክ ሆነ።

አባዬ ዛሬ በሕይወት የለም። ከሳሪስ የገዛሁት ቦርሳ ከድር እንዳለው ለማየት ብቻ ነበር፤ ዚፑ ዓመት አልሞላውም። የአባዬን ግን እናቴ አሁንም አቃቂ ገበያ ይዛው ትሄዳለች፤ ሽንኩርት ትሞላዋለች፣ ስፌቱ አልተነቃነቀም። ጎረቤቶች ሲያደንቁላት ምን እንደምትል ታውቃላችሁ? "እሱ መቼም በልኬት ተሳስቶ አያውቅም፣ በዚህች ብቻ ነው የተሳሳተው" ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አላርማትም። አባቴ በሰፈሩ የነበረው ስም ይኸው ልኬቱ ነበር፤ እሱንም ከመቃብር በላይ አጎደልኩበት።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ዘመኑ፣ ሥራው፣ ሰዉ አልልም። አባቴ ዳኛ ፊት ቆሞ በፍሬኑ አላመካኘም፤ እኔም በክሩ አላመካኝም። ዛሬ ማታ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ቦርሳውን ተቀብዬ ሽንኩርቱን አወጣና ይህንኑ እነግራታለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ነው። ክር ሲቆይ አያጥርም፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።