በጥርሱ የሚሰማው መካኒክ

ጎማውን በቸርኬው ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት ሲፈናጠር መካኒኩ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ እየነፋ ሳለ ቀለበቱ ከቦታው ተስፈንጥሮ በጭንቅላቱ አጠገብ አለፈና የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ በስቶ ወጣ። ብረቱ አልነካውም። ድምፁ ግን ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይዞበት ሄደ።

ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ አስረዳው፤ “ቤቱ ደህና ነው፤ የተዘጋው በሩ ነው።” የጋራዡ አለቃ ግን ለቤትና ለበር ጊዜ አልነበረውም። “ሞተር የማይሰማ መካኒክ ምን ያደርግልኛል?” አለና ዕቃ አጣቢ አደረገው። ሁለት ዓመት ሙሉ በናፍጣ በርሜል ላይ አጎንብሶ ቡሎን አጠበ።

አንድ ቀን ሁለቱም እጆቹ ዕቃ ይዘው ስለነበር የብሩሹን ረጅም እጀታ በጥርሱ ነክሶ በሚሠራ ሞተር አጠገብ ሲያልፍ የእጀታው ጫፍ ሞተሩን ነካ። ቀጥ ብሎ ቀረ። ድምፅ በጆሮው ሳይሆን በጥርሱና በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ገባለት፤ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የላላ ቫልቭ ማንኳኳት ነበር። ሄዶ ለአለቃው ተናገረ፤ አለቃው ሳቀበት፤ ሞተሩ ሲከፈት ቫልቩ ልክ እሱ ባለው ቦታ ላልቶ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሰሚው ሆነ። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ ማሾፉ ተረሳና ስሙ ቀረ።

እኔ ሹፌር ነኝ። መኪናዬ ካቢናዋ ከአንዱ፣ ካምቢዮዋ ከሌላው፣ ሞተሯ ደግሞ ጡረታ ከወጣ አውቶቡስ የመጣ ነው። ከተሠራች ጀምሮ ያልተቀየረው ታርጋዋ ብቻ ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ብዙ መካኒክ ገና በሩ ላይ ሲያያት ሥራ ይበዛበታል። ሰሚው ግን እንደዚያ ብሩሽ እጀታ ያለ ረጅም እንጨት በጥርሱ ነክሶ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጣታል። የሰው ንግግር የሚያነበው ከከንፈር ነው። ገና ስንተዋወቅ፣ “ወይ ጢምህን ላጭ፣ ወይ ሌላ ጋራዥ ፈልግ” አለኝ። ተላጨሁ።

ሚስቱ ከእኛ የተሻለ መንገድ ነበራት። የእንጨቱን አንድ ጫፍ እሱን ታስነክሰውና ሌላውን ጉሮሮዋ ላይ አስደግፋ ታወራዋለች፤ እሱም እንደ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጣታል። “የእሷ ድምፅ እንደ ናፍጣ ሞተር አይደለም፤ ሳይሞቅ ይነሳል” ይለኛል። ጠቡ ሲበዛበት እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስልሳ ሦስት ዓመት ሲሆነው የላይኛው ጥርሱ ሁሉ ተነቀለና ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባለት። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የመኪናዬን የጭነት ቦታ ማስረዘም ፈልጌ ነበር። ጥርሱ በገባ ማግስት ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደውን የብረት ዘንግ ቆርጦ፣ መሐሉን ቀጥሎ በየደልኝ።

ከዚያ በኋላ በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ መቀመጫዬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መልሼ ወሰድኩለት። እንጨቱን ነከሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። “ካምቢዮው ነው” አለ። ካምቢዮው ተፈትቶ ወረደ፤ ደህና ነበር። “ፍሪሲዮኑ ነው” አለ። ተፈታ፤ እሱም ደህና ነበር። በሦስተኛው መኪናዋን ትቶ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ወፍረሃል” አለ።

“ማርሽ ነፃ አድርጌ በራሷ ስትንከባለልም ትንቀጠቀጣለች” አልኩት። ያ ማለት ጥፋቱ ከሞተሩም ከፍሪሲዮኑም አይደለም ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ፊቱን አዞረ። ፊቱን ካዞረ ደግሞ ለእሱ መናገር አበቃ።

በር ላይ ሚስቱ ያዘችኝ።

“ጋሼ፣ ምን ነክቶት ነው? ይኸው ወራት ሆነው፣ ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል።”

“እሺ ማለቱ ምን ክፋት አለው?”

“አርባ ዓመት እሺ ብሎኝ አያውቅም። ትናንት እናቴ መጥታ ከእኛ ጋር ትኑር ወይ አልኩት፤ ትምጣ አለኝ። እናቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ።”

አብረን ገባን። እንጨቱን አንስታ አስነከሰችውና ጉሮሮዋ ላይ አስደግፋ ረጅም ነገር ተናገረች። እሱ በትህትና ራሱን ነቀነቀ።

“ምን አልኩህ?” አለችው፣ ከንፈሯን እያሳየችው።

“ትክክል ነሽ” አለ።

“ሂድ፣ አንተ ውሸታም!” እያለች እንጨቱን ከአፉ መንጭቃ ግንባሩን ገፋችበት። ሌላው ጫፍ ከጉሮሮዋ አልተላቀቀም ነበር።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቀረ።

“ውሸታም አልሽኝ?”

“ሰማህ?”

“ሰማሁ። እስቲ ድገሚው።”

ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም በደስታ። እሱ ጎማ ላይ ተቀመጠና ጥርሱን አውጥቶ በመሐረብ ጠቀለለው።

“ይሄ ከገባ ጀምሮ ሁሉ ነገር ጭጭ ብሎብኛል” አለ። “ብናገር ወደ በርሜሉ የሚመልሱኝ መሰለኝ።”

“ማን ነው የሚመልስህ?” አልኩት። “አለቃህ ከሞተ ሃያ ዓመቱ። ጋራዡ ያንተ ነው።”

“አውቃለሁ። በርሜሉ ግን ያውና።” እውነትም ጥግ ላይ ነበር፤ እስካሁን ዕቃ ይታጠብበታል።

የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንስተን፣ በደንብ ደግፈን፣ ሞተሩን አስነሳሁ። እንጨቱን በግንባሩ ተደግፎ ሞተሩን አዳመጠ፤ “ደህና።” ካምቢዮውን አዳመጠ፤ “ደህና።” የዘንጉ ጫፍ የሚገባበትን የኋላውን ዲፈረንሻል ሲያዳምጥ ግን ጣቱን አነሳ። “በአንድ ዙር ሁለቴ ይመታል። አጥፋው።” ከሥር ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ጠረገ።

“ይህን ዘንግ ማን ነው የበየደው?”

“አንተ።”

“አውቃለሁ። ሌላ ሰው ትል እንደሆነ ብዬ ነው።”

የዘንጉ ሁለት ጫፎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው፤ አንዱ ትንሽ ከዞረ ዘንጉ እያነከሰ ይሽከረከራል። ሰሚው ለዚህ ሲል ከመቁረጡ በፊት ሁልጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ ያሰምር ነበር። በዚያን ቀን ግን ሐሳቡ ሁሉ አፉ ውስጥ ስለነበር ጠመኔውን ሳያነሳ ቆረጠ። አሁን ዘንጉን ፈትቶ፣ ብየዳውን ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፎች በጠመኔ መስመር አስተያይቶ እንደገና በየደው። ለሙከራ ስንወጣ እንጨቱን ከግንባሩ ወደ ወለሉ ተክሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰባ ስንገባ መኪናዋ ጸጥ አለች። የቀደምናቸው ሹፌሮች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩን።

በቅርቡ፣ በሕይወትህ ከሁሉ የሚበልጥብህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

“ሞተርስ ሌላም ሰው ያዳምጠዋል” አለኝ። “እኔ እነዚያን ወራት አልሰማም ለማለት አፍሬ፣ የእሷን ድምፅ ሳላገኝ እሺ እሺ ስል ከረምኩ። ውሸታም ስትለኝ የሰማሁባትን ቀን ከጆሮዬ ጋር አልለውጣትም። አሁን ስትቆጣ እንጨቱን ራሴ ነው የማቀብላት።”