በሁለት አጥቢያ መካከል የቆመው ትምህርት ቤት

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ይጮሃል። አንዱ ጠርዝ ሚስማሩ ለቆ ኖሮ ከፍ ይልና ጧ ብሎ ይወድቃል፤ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ይነሳል። ያን ጊዜ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ወደ ጣሪያው ሳንጋጥጥ ታይኛለሽ፤ ትስቂብኛለሽም። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ጆሮዬ ግን አብሮኝ አልመጣም፤ እዚያው መንዝ ቀርቷል። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ ብትጠይቂኝ ባልሳቅሽ ነበር።

የተወለድኩባት ከተማ ቀየት ከምትባል ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ከተማነቷን ገበያዋ ብቻ የሚመሰክርላት ቦታ ነበረች። ቅዳሜ በግና ገብስ፣ ባና የሚባለው የሱፍ ልብስና አሞሌ ጨው ይሸጥባታል፤ በሌላው ቀን ውሻ እንኳ የሚጮኽበት ሰው አያገኝም። የማርያምና የሚካኤል ደብሮች በሁለት ጉብታ ላይ ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ገላጣ ሸንተረር አለ። ገበያው ከሸንተረሩ በታች፣ ነፋስ በማይደርስበት እጥፋት፣ በሚካኤል በኩል ነበር። የሁለቱ አጥቢያ ሰዎች ይጋባሉ፣ በሬ ይዋዋሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ማን ይበልጣል የተባለ እንደሆነ ግን ወንድምም ወንድሙን አያውቅም።

አንድ ዓመት ከወረዳው ገዥ መልእክት መጣ፤ ሕዝቡ ቤቱን ከሠራ መንግሥት አስተማሪ ይልካል ተባለ። ከተማው በደስታ ሰከረ፤ ስካሩ ግን ሳምንት አልቆየም። የሚካኤል ሰዎች «ገበያው አጠገብ ይሁን» አሉ። የማርያም ሰዎች ደግሞ «ገበያውን ወሰዳችሁ፣ ትምህርት ቤቱንም ልትወስዱ ነው?» ብለው በራሳቸው በኩል መሠረት ጣሉ። በማግሥቱ የመሠረቱ ድንጋይ አንድም ሳይቀር ተነሥቶ የሰው አጥር ሆኖ ተገኘ። ማን ወሰደው ቢባል፣ አንዱ ቀልደኛ «ድንጋዩ ራሱ ቦታውን ጠልቶት ይሆናል» አለ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ የማርያም ሰው ሲሞት የሚካኤል ሰዎች ቀብር ቀሩ። እኛ ዘንድ ከቀብር የቀረ ሰው ከሰው ተራ የወጣ ነው። አባቴ የገቡበት ይህን ጊዜ ነው።

አባቴ በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ደም የተቃቡ ሰዎችን ሳይቀር በአንድ ማዕድ ያስቀምጣሉ እየተባለላቸው ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ይጠራሉ። ፊደል ግን አልቆጠሩም። ስንት ውል አስጽፈው፣ ሌላ ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያትሙ ነው የኖሩት። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው «አንቺ ታነቢልኛለሽ» ይሉኝ ነበር። ችግሩ እኔ ገና በልጅነቴ ታጭቼ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አጠገብ የሚኖሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። የሠርጉ ቀን ይቆረጥ ብለው ሲመጡ አባቴ የመለሱላቸውን ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ትምህርት ቤት ሊሠራልን ነው። እሱ ቆሞ እሷ እስከተማረች ድረስ ሠርግ የሚባል ነገር አላውቅም። ትምህርት ቤት የሌለ እንደሆነ ልጅቷ የእናንተ ናት።»

የልጁ አባት «ደግ፤ ቃልዎን ይዘን እንጠብቃለን» አሉ። እንግዲህ ያ ቤት ለሌላው ሰው ትምህርት ቤት ነው፤ ለእኔ ግን ከእናቴ ጋር የመኖሪያዬ ዕድሜ ነበር። ቢሠራ እቀራለሁ፣ ባይሠራ እሄዳለሁ።

አባቴ ያመጡት መላ ይህ ነው፤ ከማርያም ደጅ እስከ ሚካኤል ደጅ በገመድ ይለካ፣ ግማሹ ካረፈበት ላይ ይሠራ። ማንም አይበልጥ፣ ማንም አያንስ። ሁለቱም ወገኖች ወዲያው ተስማሙ። መጀመሪያ የተለካው በመጫኛ፣ የበቅሎ ጭነት በሚታሰርበት የቆዳ ጠፍር፣ በማለዳ ነበር። የሚካኤሉ መሪጌታ «ጠል ያራሰው ቆዳ ይለጠጣል» ብለው ልኩን አፈረሱት። በማግሥቱ ቀትር ላይ ተለካ፤ አሁን ደግሞ የማርያሙ አለቃ «ፀሐይ የመታው ቆዳ ይኮማተራል» አሉ። በመጨረሻ ከሁለቱም አጥቢያ በጎች ሱፍ ተሸልቶ፣ የሁለቱም አጥቢያ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ፈትለው፣ የሱፍ ገመድ ተገመደ። እናቴም ፈትላለች። በዚያ ገመድ ሲለካ ግማሹ ያረፈው ሸንተረሩ አናት ላይ ነው።

ሸንተረሩን ሁሉም ያውቀዋል። ከጥር ጀምሮ የሚነፍሰው ነፋስ የቆመ ሰው ይገፋል። እናቴ «እዚያ እንኳን ልጅ፣ በግም አይተኛ» አለች።

አባቴም «ነፋስ ያልፋል። የማያልፈው ቂም ነው» አሏት።

ዛሬ ሳስበው፣ በዚያች ከተማ የሸንተረሩን ነፋስ ያላወቀ አንድ ሰው አልነበረም። ግን ማንም አፉን አልከፈተም፤ መጀመሪያ «ነፋሻ ነው» ያለ ሰው ቦታውን ለሌላው ወገን እንደለቀቀ ይቆጠርበታላ። እኔም የጠየቀኝ ሳይኖር «እኔ አይበርደኝም» አልኩ።

ሥራው እንደ በዓል ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ሴቶች ከምንጩ ውኃ ያመላልሳሉ፤ ያ የጭቃና የጭድ ሽታ እስከ ቤታችን ይመጣ ነበር። ቆርቆሮውን ሰዎቹ ከመኪናው መንገድ፣ ከጣርማ በር ድረስ ሄደው በትከሻቸው ነው ያመጡት። ሸንተረሩ ላይ ሲወጡ አንዷ ቆርቆሮ ከሁለት ጎረምሶች እጅ አምልጣ እየተንከባለለች ቁልቁል ሮጠች፤ እንደጠፋች ግልገል አባረው ያዟት። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻሽ ጠበቅ አደረጉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አስተማሪው ከጥምቀት በኋላ በበቅሎ መጣ። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። በላዩ ላይ ያለው ስስ ኮት መሆኑን ያዩ ሴቶች በዚያው ቀን ባና ደረቡለት። እሱንም ለብሶ ያስተምር ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ድምፁ አይሰማምና ፊደሉን እንደ እረኛ እየጮኸ ነው የሚያስቆጥረን። በሩ እንዳይከፈት ሁለት ልጆች በተራ ጀርባቸውን ይሰጡታል። መጀመሪያ ሴቶች አራት ነበርን፤ ሁለቱ በብርዱ ቀሩ፣ አንዷ ተዳረች። እኔ በጭድ በተወተፈው መስኮት ሥር ብቻዬን ቀረሁ። እጄ በብርድ ይሰነጠቅ ነበር፤ እናቴ እንዳታየው ከነጠላዬ ሥር እደብቀዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ማንበብ ያዝኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ከሙዳያቸው ውስጥ አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥተው ፊቴ ዘረጉ፤ የሁለት ወንድማማቾች የርስት እርቅ ነው። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። «ደግመሽው» አሉኝ። ደገምኩት። ከታች ያለውን የአውራ ጣታቸውን አሻራ አዩና «አልዋሹኝም፤ ያልኩትን ነው የጻፉት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ስዳርም፣ ስወልድም።

በዚያው ዓመት የካቲት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ገበያው እንደሞላ ነፋሱ መጣ። ለክፉ አልሰጠንም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሰማነው ሲጮህ ነው፤ ቀና ስንል ጣሪያው ከአንድ ወገን ተነሥቶ እንደ ክንፍ ተዘረጋ። ከዚያ እየተገነጠለ በረረ። ገሚሱ በማርያም በኩል፣ ገሚሱ በሚካኤል በኩል ወደቀ። አባቴ ገበያው መሐል በጉን የሚያማርጡበት ቦታ ላይ ቆመው ቀሩ።

ቆርቆሮው ቢጣመምም የሚቃና ነበር። እኔ አልቅሼ ሳልጨርስ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመታል ብዬ አስቤ ነበር። የሁለቱን አጥቢያ ሰዎች ገና አላወቅኋቸውማ። የማርያም ሰዎች በእነሱ መሬት ላይ የወደቀውን ሰብስበው ደብሩ ዕቃ ቤት አስገቡና «እመቤታችን ቦታውን አሳየችን፤ ቤቱ እዚህ ይሠራ» አሉ። የሚካኤል ሰዎችም የራሳቸውን ድርሻ ቆልፈው ያንኑ ቃል በመልአኩ ስም ተናገሩ። በግማሽ ጣሪያ ቤት አይከደን። አባቴ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ጾሙ ገብቶ ወጣ። ለእሳቸው ሰው ሁሉ ይነሣል፣ ወንበር ይለቃል፣ «ልክ ነዎት» ይላል፤ ቆርቆሮውን ግን አያወጣም።

አስተማሪው ጣሪያ በሌለው ቤት እስከ ሰኔ አስተማረን። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጥቁር ሰሌዳው ታጠበ። እሱም ባናውን አጣጥፎ ለሰጡት ሴቶች ሊመልስ ሲል «ለብሰኸው ሂድ» አሉት። አባቴን ሲሰናበታቸው «ይቺን ልጅ እባክዎን የትም ወስደው ያስተምሯት» አላቸው። አባቴም «እግዜር ያውቃል» አሉ።

በጥቅምት የልጁ አባት ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። አልተቆጡም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጠላው ከቀረበ በኋላ ነው ያነሡት። «እንግዲህ ትምህርት ቤቱ የለም። ቃሉ የእርስዎ ነው» አሉ።

እናቴ አባቴን ወደ ጓዳ ጠርታ «ይሠራል ይበሏቸው። በእድሜዎ አንድ ጊዜ ይዋሹልኝ» አለቻቸው፤ ሹክ ብላ ነው፣ ግን ሰምቻለሁ። አባቴ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ቆመው ቢቆዩ ኖሮ የሚዋሹ ይመስለኝ ነበር። ሲቀመጡ ግን አወቅሁት። «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። በጥር ተዳርኩ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

አያትሽ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬሻለሁ። ግን ሁልጊዜ ስናገረው ለራሴ እንደምናገረው ይሰማኛል። አባቴን ለብዙ ዓመት አላየሁም። ሰው ሲመጣ ሰላምታ ይልካሉ፣ እኔም አጭር እመልሳለሁ። በመካከሉ የማርያሙ አለቃና የሚካኤሉ መሪጌታ ተከታትለው አረፉ፤ ልጆቻቸው ታረቁ። ትምህርት ቤቱም ገበያው አጠገብ፣ ከመጀመሪያውም ሁሉም በሚያውቀው እጥፋት ውስጥ፣ በዚያው ቆርቆሮ ተከደነ ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ነበር።

በዚያው ዓመት ከመስቀል በኋላ ግቢ ውስጥ ጤፍ ስነፋ አባቴ ቆላውን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው መጡ። አርጅተው ነበር። «ቤቶች» አላሉም። ከዘራቸውን ከአጥሩ አስደገፉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አንድ ድንጋይ አነሡ፣ ማጅራታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ይቅር ብሎ እስኪያወርድለት አይንቀሳቀስም። አባቴ ስንቱን ባላጋራ አሸክመው አስታርቀዋል። ግን አባት ለልጁ፣ ያውም ለሴት ልጁ ሲሸከም እኔም አላየሁ፣ ያየም አልነገረኝ። ሮጬ ጉልበታቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ።

አልሮጥኩም። ወንፊቱን እንደያዝኩ ቆሜ አየኋቸው። አቧራ የለበሰ ባታቸው ይንቀጠቀጣል። ያሰብኩትን ልንገርሽ፤ «ትንሽ ይቅመሱት» ነው ያልኩት፤ በልቤ። ከቤት የወጣችው አማቴ ናት «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? አባትሽ እኮ ናቸው» ያለችኝ።

ወንፊቱን አስቀመጥኩና ሄጄ «አባዬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ብዬ አወረድኩላቸው። ድንጋዩ ከገመትኩት በላይ ከባድ ነበር። ቀና ሲሉ «ነፋሱን አውቀው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር» አልኳቸው። ሁለት ቀን ሰንብተው ሄዱ፤ ስለዚያ ነገር ደግመን አላነሣንም። ለፋሲካ እመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ ከፋሲካ በፊት አረፉ።

ቆሜ ያየኋቸው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ ለሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ አጭር መስሎኝ ነበር። ዛሬ እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ጸሎቱን ባደረስኩ ቁጥር፣ ለሽማግሌ ትከሻ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አውቀዋለሁ።